በሰው አገር ድንጋይ የተሸከሙት አባት

እኛ ሰፈር፣ ዲላ፣ ጎረቤቴ ትብለጥ ባለችበት የማይነገር አንድ ምሳሌ አለ። ሌላ ቦታ ሰው እንደ ዋዛ ይለዋል፤ ገበሬውም ከጥንት ጀምሮ ይለዋል። እኛ ግን ትርጉሙ የገባን በጎረቤታችን ልጅ እስራት ነው። ታሪኩን የነገረችኝ ራሷ ትብለጥ ናት። ልጆቼ ከአገር ወጥተን እንዝናና ባሉ ቁጥር እነግራቸዋለሁ። "ደግሞ ጀመረች" ይሉኛል። ይበሉ። እኔ እናት ነኝ፣ መንገሬን አልተውም።

የትብለጥ ባል አቶ እንግዳወርቅ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። ሰው ሲጣላ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄዱ በፊት እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። መኪና ሰው ቢገጭ እንኳ፣ የገጪውን ወገን ሰብስበው፣ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ ተጎጂው ደጅ ሄደው ይንበረከካሉ። "አጥፍተናል፣ ማሩን" ይላሉ። የተጎጂው ወገን መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል። ኋላ ግን አንዱ ሽማግሌ ይነሳና "እኛም ሳናጠፋ አልቀረንም፣ ድንጋዩን አውርዱ" ይላል። በእኛ ዘንድ እርቅ እንዲህ ነው፤ አንዱ ከሚገባው በላይ ጥፋት ይወስዳል፣ ሌላው ደግሞ ግማሹን ይመልስለታል። አቶ እንግዳወርቅ በዚህ መንገድ ስንቱን ደም አድርቀዋል።

ልጃቸው ምናሴ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። እናቱን ጉልበቷ ቢያስቸግራት፣ ሰዎች "የባሕር ውሃ ፍቱን ነው" ብለው ነገሩት። "እማዬ፣ ባሕር ሳታዪማ አትሞቺም" አላት። ኬንያ ቪዛ አያስፈልግም፤ በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ይኬዳል። በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው፣ ሦስቱም እየተንገጫገጩ ተጓዙ። ባሕሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ የአገራቸው ሰው ምግብ ቤት አላቸው። በዚያ አገር ኖረው ጸጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው። ከምግብ ቤታቸው ጀርባ ርካሽ ክፍል አከራዩአቸው።

ባሕሩ ዳር እስኪደርሱ መንገድ ስለሚቀር መኪና መከራየት ግድ ሆነ። ጋሽ ሽብሩ መከሯቸው።

"መኪናውን ከነሹፌሩ ውሰዱ። አገሬው ነው፤ መንገዱንም ፖሊሱንም ያውቃል።"

"ሹፌርማ ወልጃለሁ!" አሉ አቶ እንግዳወርቅ እየሳቁ።

"እዚህ እኮ በግራ ነው የሚነዳው።"

"ታዲያ ምናሴ ግራ እጁ ተቆርጧል እንዴ?"

ሳቁ። ጋሽ ሽብሩ ግን አልሳቁም።

ምናሴ መኪናውን ያለ ሹፌር ተከራይቶ ራሱ ነዳ። እንደ ጸሎት "ግራ፣ ግራ፣ ግራ" እያለ ነበር የሚሄደው። አንድም ስህተት አልሠራም። ትብለጥ ባሕር ዳር ተቀምጣ ጉልበቷን በማዕበሉ አስመታች። እንደ ልጅ ጮኸች፣ ሳቀች። "ያን ቀን የሳቅሁትን ሳቅ እስከ ዛሬ ታስከፍለኛለች ሕይወት" ትለኛለች።

ሲመለሱ ልጆች መንገድ ሊያቋርጡ ብቅ አሉ። ምናሴ መኪናውን አቆመ፤ ልጆቹ እንዲያልፉ በእጁ ምልክት ሰጠ። በዚህ መሃል ከኋላ አንድ ሞተር ብስክሌት መጥቶ ከቆመው መኪና ጋር ተላተመ። ሐሚሲ የሚባለው ነጂ አየር ላይ ተወርውሮ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። እግሩ ተሰብሯል። የመኪናው የኋላ መብራት ደቅቋል። ሰው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ከበባቸው። በአቅራቢያው ኬላ ስለነበር አንድ ፖሊስ ወዲያው ደረሰ።

ምናሴ ወርዶ እጁን ወደ ኋላው መብራት ዘረጋ። እንግሊዝኛ ይሞክራል፤ "ቆሜ ነበር፣ ቆሜ" አለ። ፖሊሱም ጎንበስ ብሎ መብራቱን እያየ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ቢባል ነገሩ ያልቅ ነበር።

አቶ እንግዳወርቅ ግን ከመኪናው ወረዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ ሲያነሱ የከበበው ሰው ሊወረውሩ መስሎት ወደ ኋላ ሸሸ፤ ፖሊሱም እጁን ወደ ዱላው ሰደደ። እሳቸው ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ ጭነው በተሰበረው ሰው ፊት ተንበረከኩ።

"እኛ ነን ያጠፋን" አሉ ከትምህርት ቤት በቀረችው እንግሊዝኛቸው። "ይቅርታ። ጥፋቱ የእኛ ነው።"

"አባዬ!" አለ ምናሴ። "እኔ አላጠፋሁም እኮ! እሱ ነው የገጨኝ!"

"ዝም በል! አላጠፋሁም የሚል ሰው እርቅ አያገኝም። ሰውየው ወድቋል፣ አንተ ቆመሃል። ማን ይለምን?"

ፖሊሱ ግራ ገባው። ወደ ሽማግሌው ቀረብ ብሎ በቀስታ ጠየቀ፤ መኪናውን ወደ ኋላ ነድታችሁ ነው ወይ የገጫችሁት?

"አይደለም ይበሉ፣ አባዬ! ወደ ኋላ ነዳችሁ ወይ ነው የሚለው!"

"ገብቶኛል። በልመና መሃል 'አይደለም' አይባልም" አሉና ለፖሊሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዎ፣ ይቅርታ፣ አዎ።

ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ድንጋዩን ከማጅራታቸው አውርዶላቸዋል፣ ደግፎም አንስቷቸዋል። ከዚያ ምናሴን በካቴና አሰረው።

ጋሽ ሽብሩ ጣቢያ ሲደርሱ አቶ እንግዳወርቅ ቃላቸውን ሰጥተው ፈርመው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ በሰላም ተቀምጠዋል።

"ምን አደረግህ፣ ወንድሜ?"

"እርቁን ጀመርኩት።"

"ምን እርቅ? የእምነት ቃል ነው የሰጠኸው! ተነስ፣ አሁኑኑ ግባና ስለ ጨነቀኝ ነው በል። መብራቱን ይዩት፣ ልጆቹን ይጠይቁ። ቃልህን መልስ።"

"ቃሌን?" አሉ አቶ እንግዳወርቅ። "ጋሼ፣ ያሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ። ተንበርክኬ የለመንኩትን ግን አላነሳም። ከዚያ በኋላ ማን ሰው ይለኛል? ይልቅ ከተጎጂው ቤተሰብ ጋር ያገናኙኝ። አንድ ቀን ይበቃኛል።"

ትብለጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። "አንተ ሰው" አለች፣ "ልጁ እኮ ያለው እውስጥ ነው።"

"ላስወጣው እኮ ነው፣ ትብለጤ።"

በማግስቱ ሆስፒታል ሄዱ። ጋሽ ሽብሩ እያስተረጎሙ፣ አቶ እንግዳወርቅ በሐሚሲ አልጋ ግርጌ ተንበረከኩ። ወንድሞቹ፣ እናቱ፣ አጎቱ ቆመዋል። "አጥፍተናል፣ ማሩን" አሉ። ቤተሰቡ ተነካ። እናቱ አለቀሰች። ሐሚሲ እጁን ዘርግቶ የሽማግሌውን ራስ ዳሰሰ። "ይቅር ብዬዎታለሁ" አለ።

አቶ እንግዳወርቅ አልተነሱም። አንገታቸውን እንደደፉ ቀሩ።

"ተነስ እንጂ፣ ይቅር ብሎሃል" አሉ ጋሽ ሽብሩ።

"ገና ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ቃሉ አልመጣም።"

"የምን ቃል?"

"'እኔም አጥፍቻለሁ' ማለት አለበት።"

ጠበቁ። ነርስ ገብታ ወጣች። የሐሚሲ አጎት ወንበር አመጣላቸው፤ ሽማግሌ ደክሞት መነሳት ያቃተው መስሎት ነው። ያ ቃል ግን አልመጣም። ጋሽ ሽብሩ "ከአንተስ ጥፋት የለም ወይ?" ብለው በቋንቋቸው ቢጠይቁት፣ ሐሚሲ ከልቡ ተገረመ። "እሳቸው ነገሩኝ እኮ፣ የእነሱ ነው ብለው። እኔ እንዴት እንደወደቅሁ ምንም አላስታውስም" አለ። ዋሽቶ አልነበረም። የተሰጠውን ተቀበለ፣ ያ ብቻ ነው።

ፍርድ ቤት ቀረቡ። ምናሴ "ቆሜ ነበር" አለ። ሐሚሲ በክራንች ቆሞ "ይቅር ብያቸዋለሁ፣ ቂም የለኝም። ያጠፉት ግን እነሱ ናቸው፣ አባትየው ሁለት ጊዜ ነግረውኛል" አለ። ዳኛዋ አቶ እንግዳወርቅን አስነስተው ጠየቁ፤ ይህን ቃል ሰጥተዋል?

አቶ እንግዳወርቅ ልጃቸውን አዩ። ምናሴ በዓይኑ ለመናቸው። በዕድሜያቸው ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ የገዛ ቃላቸውን ክደው አያውቁም።

"ብያለሁ" አሉ። "ግን እንዲህ የተባለው..."

የቀረውን ዳኛዋ አልጠበቁም። ጥያቄው ተመልሷል። ምናሴ እንዲታሰር ተፈረደበት። ሲወስዱት ወደ እናቱ ዞሮ "እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?" አላት። አባቱን አላናገረም።

ትብለጥና ባሏ ወደ ጋሽ ሽብሩ ምግብ ቤት ተመለሱ። ምግብ ቀረበ፣ ማንም አልነካውም። ትብለጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ጋሼ" አሉ አቶ እንግዳወርቅ፣ ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም፣ "የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ከልቤ ነበር የለመንኩት። ለታይታ አልነበረም።"

"ከልብህ መሆኑን ማን ካደ" አሉ ጋሽ ሽብሩ።

"አገራችን ቢሆን ማታውኑ ልጄን ይዤ እገባ ነበር።"

"ትገባ ነበር።"

"ታዲያ እውነት እዚህ ሌላ ናት?"

ትብለጥ ዞረች። "ስለ እውነት አትጠይቃቸው!" አለች። "እውነቱን ምናሴ ተናግሮ ነበር። ዝም በል ያልከው አንተ ነህ።"

ጋሽ ሽብሩ የቀረበውን ምግብ ሸፈኑት፤ ብዙ እንግዳ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲያለቅስ ያዩ ሰው ናቸው። ሊያጽናኑም ሊወቅሱም አልፈለጉም፤ የሚያውቁትን ብቻ ተናገሩ።

"ያንተ ልመና ለእኛ ሰው የተሠራ ነው፣ ወንድሜ፤ ግማሹን የሚመልስ ተቀባይ ከሌለው አንገት መስጠት ብቻ ነው፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።"