ጭራዋን ለአንበሳ ያዋሰች አህያ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ መምጫውን በረሳበት ዘመን፣ አራዊት ሁሉ ምህላ ያዙ። ወንዙ ደርቋል። ውሃ ቀረ ከተባለ ገደሉ ሥር ባለችው ምንጭ ነው፤ እዚያ ደግሞ አንበሳ ወርዶ ጠዋት ማታ ያገሳል። «ምንጬን የነካ ወዮለት ማለቱ ነው» ብላ የተረጎመችላቸው ቀበሮ ናት። ወርዶ የጠየቀ ግን የለም። ምህላውንም የምትመራው እሷው ናት፤ መሪ ስለሆነች የማለዳውን ጤዛ ቀድማ የምትልሰውም እሷ ናት።

«እግዚኦ! ወደ አንበሳው የሚወርድ ጀግና ላክልን!» ይላሉ። ከዚያ አንዱ ሌላውን ያያል።

አህያም ከኋላ ቆማ እግዚኦ ትላለች። ጡቷ ደርቆ ውርንጭላዋ መቆም አቅቶታል፤ ዛሬ ካልጠጣ ነገን አያይም። በዚህ መሃል ከላይ ድምፅ መጣ።

«አንቺ አህያ!»

«አቤት ጌታዬ!»

«ወደ ምንጩ ውረጂ። እኔ ካንቺ ጋር ነኝ።»

አህያ ዙሪያዋን አየች። «ጌታዬ፣ ዝሆኑ እዚያ ጋ ነው የቆመው። ተሳስተህ እንዳይሆን?»

«አልተሳሳትኩም።»

«እኔ እኮ ስናገር ሁሉም ጆሮውን ይይዛል!»

«ጆሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ውረጂ።»

«አንበሳው ቢበላኝስ?»

«እዚህ ብትቀሪ ልጅሽስ?»

አህያ ልጇን አየችና ወደ አራዊቱ መሃል ገባች።

ነገሩን ስትነግራቸው ቀበሮ ተቆጣች። «ዝሆን ሞልቶ አህያ ይላክልን? ለማንኛውም ሱባኤ ግቢና በደንብ አረጋግጪ።»

«ሱባኤው እስኪያልቅ ልጄ ያልቃል!»

«እንግዲያው ውረጂ። እኔ እዚሁ ሆኜ በጸሎት አስብሻለሁ» አለች ቀበሮ፣ ጥላ ሥር እየተመቻቸች።

አያ ጅቦ ግን ለሃጩን እያዝረበረበ ተነሣ። «እህቴ፣ ብቻሽንማ አትሄጂም!» አለ። በልቡ ግን «አንበሳ ሥጋዋን ሲጨርስ አጥንቱ የኔ ነው» ይላል።

ቁልቁል ጀመሩ። አህያ በየእርምጃው ትቆማለች።

«ጌታዬ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

ትንሽ ወረደችና፣ «አሁንስ?»

«አሁንም አለሁ። ይልቅ መንገዱን እይ።»

ምንጩ ዘንድ ሲደርሱ ጅቦ ድንጋይ ኋላ ተሸጎጠ። አህያ ጠጋ ብላ ብታይ፣ አንበሳ ሆዬ እስከ ብብቱ ማጥ ውስጥ ተቀርቅሯል! የምንጩንም አፍ የደፈነው የገዛ ገላው ነው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የሚያገሳው «ድረሱልኝ» እያለ ኖሯል።

«እሰይ፣ ሰሚ ተገኘ!» አለ አንበሳ። ቀና ብሎ አያትና ግን ፊቱ ጠቆረ። «አህያ ነሽ እንዴ?»

«ላይም ይኸው፣ ታችም ይኸው!» አለች አህያ ተናዳ።

«አውጪው» አለ ያ ድምፅ።

«ማንን?»

«እሱን።»

«ጌታዬ፣ እስካሁን የታዘዝኩህ አይበቃም? ይሄ እኮ ከወጣ ይበላኛል!»

ድምፁ አንድ ጊዜ ተናግሯል። አህያ አጉረመረመች፣ ተራገመች፣ ዞረችና ጭራዋን ለአንበሳው ዘረጋች።

«ይንከሱ። ከጭራዬ ካለፉ ግን ለላከኝ እነግራለሁ!»

አንበሳ ነከሰ። ዕድሜዋን ሙሉ ሸክም የለመደች አህያ ሰኮናዋን መሬት ላይ ተክላ፣ እያናፋች ሳበች። ማጡ አንበሳውን ተፋው፤ ውሃውም ተከትሎ ገነፈለ።

አንበሳ ጭቃውን አራገፈ። ርቦታል። አህያዋን አተኩሮ አየ። እሷም ዓይኗን ጨፍና «በእጅህ ነኝ» አለች፤ ለአንበሳው አልነበረም።

ያኔ አያ ጅቦ ትዕግሥቱ አለቀና ብቅ አለ። «ጌታዬ፣ ይጀምሩ እንጂ! እኔ አጥንቱ ይበቃኛል!»

«እዚያ ሆነህ ስሰምጥ እያየህ አጥንት ትጠብቅ ነበር?» አለ አንበሳ፤ ዘሎም ያዘው። ስለ አያ ጅቦ ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም።

አህያ ልጇን ልታመጣ ሽቅብ ሮጠች። ተሸክማው ስትመለስ ቀበሮ አራዊቱን አስከትላ ቀድማ ደርሳ፣ ጠጥታ፣ አፏን እየጠረገች ነበር። «አያችሁ ጸሎቴን!» ስትል አራዊቱ ሁሉ «አሜን!» አሉ። አህያ ግን ልጇ ሲጠጣ እያየች ታለቅስ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ እግዚአብሔር «ሂድ» ሲል እየተንቀጠቀጡ መሄድ፣ ሳይንቀጠቀጡ ቆሞ እግዚኦ ከማለት እንደሚበልጥ ነው።