የሙሽራ ቦይ

በጥድ ሜዳ ከተማ መሀል፣ ከገበያው በላይ ካለው ዳገት ተነሥቶ እስከ ወንዙ የሚወርድ፣ ግራና ቀኙ በድንጋይ የተካበ ቦይ አለ፤ ስሙም የሙሽራ ቦይ ይባላል። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ ጎርፍ የወሰዳት ሙሽራ ያለች ይመስለውና ከንፈሩን ይመጥጣል። ይምጠጥ፣ ምን ይደረግ። ሽማግሌዎቹ የሚሉት ግን ሌላ ነው።

እንደሚነገረው፣ ጥድ ሜዳ ገና መንደር ሳለች ውኃዋ ከሰው ጋር ተስማምቶ ይኖር ነበር። ቤቱ ሁሉ ሣር ክዳን ስለነበር ዝናቡን ጠጥቶ ቀስ እያለ ያንጠባጥበዋል፤ የተረፈውም ሰርዶ በለበሰች አንዲት ጎድጎድ ያለች ስርጥ በኩል ኮለል እያለ ወርዶ ወንዙን ይቀላቀላል። ካፊያው ሲያባራ ሴቶች እዚያች ሰርዶ ላይ ነጠላቸውን ያሰጡ ነበር አሉ። እንዲያ ያለው ክረምት ዛሬ በወሬ ብቻ ቀርቷል፤ ያሳዝናል።

በኋላ መንገድ ሲገባ ሰውም በዛ፣ ቆርቆሮም መጣ። ለመጤው ሁሉ ቦታ የሚከፋፍሉት ባሻ ወንድይራድ የሚባሉ ገመድ ጣይ ነበሩ፤ የሳቸው ገመድ ያረፈበት ወሰን ነው፣ ነገር አበቃ። ታዲያ ገመድ የሚጣለው እንደ አገሩ ልማድ በጥር፣ እህል ገብቶ ሰው ሥራ ሲፈታ ነበርና፣ ያቺ ስርጥ በጥር ሲያዩዋት ደረቅ፣ ለጥ ያለች፣ ማለፊያ የቤት ቦታ ናት። ባሻ አንድያ ልጃቸውን ማንጠግቦሽን በዚያው ጥር ሲድሩ የስርጧን መሀል ለጎጆ መውጫዋ ሰጧት። ስርጧ በአፈር ተደለደለች፣ ቤቱ ተሠራ፣ አዲስ ቆርቆሮም ለበሰ። ባሻ በየማለዳው አሻግረው እያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቀን በቀትር ዶፍ ወረደ። የዳገቱ ቆርቆሮ ሁሉ የተቀበለውን ሲዘረግፈው፣ ውኃው የለመደውን መንገድ ይዞ መጥቶ ከማንጠግቦሽ ግድግዳ ጋር ተላተመ፤ ታጥፎም ከታች የምትኖረውን የሸጊቱን ጎጆ መታ። ሸጊቱ ባሏ የሞተባት፣ ስፌት እየሰፋች አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ልጆቿን ቆጥ ላይ አውጥታ አተረፈች፤ ጎታዋና አንድ ጎን ግድግዳዋ ግን ሄደ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ባሻ ወረዱ። ሸጊቱ ጭቃው ውስጥ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ባሻ፣ ገመዱን ሲጥሉ ውኃውን የት ሊያሳድሩት አስበው ነው?»

የሰፈሩ ሰው «ሸጊቱ ትነሣ፣ ሌላ ቦታ ጎጆ እንቀልስላታለን» ብሎ መከረ፤ ቀላሉም እሱ ነበር። ባሻ ግን የገዛ እጃቸውን ጥፋት በደሀ ጫንቃ ላይ መጫን ሆነባቸውና እንቢ አሉ። በማግስቱ በካፊያው ገመዳቸውን ይዘው ወጡ፣ ከዳገቱ ጀምረው የውኃውን ዱካ እየተከተሉ ጣሉት። ገመዱ በማንጠግቦሽ ደጃፍ ገብቶ በጓዳዋ ወጣ።

«አባባ፣» አለች ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይሄን ቦታ እኮ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት!»

«የሰው ገንዘብ ነው የሰጠሁሽ፣ ልጄ። የውኃው ነበር» አሉ።

ማንጠግቦሽ አለቀሰች፣ ተቆጣችም፣ ወደ ውስጥ ገብታም ብዙ ቆየች። ስትወጣ የሙሽርነት ሣጥኗን በሁለት እጇ አቅፋ ነበር። «እንግዲያስ ቆርቆሮውን ቀድማችሁ አውርዱልኝ፣ እንዳይጎብጥ» አለች። ቤቱ ፈርሶ ቦዩ ሲቆፈር የመጀመሪያውን ዶማ የሰነዘሩት ባሻ ራሳቸው ናቸው ይባላል። አንዳንዱ እስከ መስከረም አባቷን አላናገረችም ይላል፤ ሌላው ደግሞ የቦዩን ድንጋይ ጎንበስ ቀና ብላ ያቀበለቻቸው እሷ ናት ይላል። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

በሦስተኛው ቀን ከፊተኛው የባሰ ዶፍ መጣ። ባሻ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ደለሉን በእጃቸው እየዛቁ፣ ውኃው የልጃቸው ምድጃ በነበረበት በኩል አልፎ ወንዝ ገባ። የሸጊቱ ጎጆ አልተነካም።

ዛሬ ጥድ ሜዳ ፎቅ በፎቅ ሆናለች፤ ሰርዶው አስፋልት ለብሷል፣ ቦዩንም ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስቸግረዋል። ቢሆንም ደፍሮ የዘጋው የለም። በጥር፣ ሠርግ በሚበዛበት ወር፣ ልጁን የሚድር አባት ሱሪውን ሰብስቦ ቦዩ ውስጥ ይወርድና አካፋ ይይዛል። ያን ጊዜ እዚያ ያለው አቧራ ነው፣ ጠብታ ውኃ የለም። ልጅቷ ከነቬሎዋ ዳር ቆማ ትጠብቀዋለች፤ አባትየውም ዳር እስከ ዳር ጠርጎ ሳይጨርስ ልጁን አይመርቅም።