ሳይቀመስ የገባ ቃል

አንዲት ሴት ነበረች። ጠበቃ ናት። ቢሮዋ ፎቅ ላይ ነው፤ መጋረጃው አዲስ፣ ወንበሩ ቆዳ። ምን ጎደላት ትሉኛላችሁ? ምንም። ግን ከበሯ ፊት ለፊት ሌላ በር ነበረ።

በዚያኛው በር ያለችው ትርሲት ትባላለች። እሷም ጠበቃ ናት፤ አብረው ተምረው አብረው ተመርቀዋል። ትርሲት የምትይዘው የሴቶችን ጉዳይ ነው። ባሏ የደበደባት ትመጣለች። ተጠልፋ ያመለጠች ልጅ ትመጣለች። አንዷ እንቁላል ይዛ፣ አንዷ ባዶ እጇን። የትርሲት አግዳሚ ወንበር ባዶ ሆኖ አያውቅም። ደረጃውን ወጥታ ብቅ ስትል ሁሉም ብድግ ይላሉ፤ ትከሻዋን ይስማሉ።

ይህችኛዋ በበሯ ክፍተት ታያለች። ለእኔስ ማን ተነሥቶልኝ ያውቃል ትላለች። ማታ ለባሏ «ዝና ፍለጋ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» ትለዋለች። ትስቃላችሁ አይደል? እንዲህ ያለ ወሬ ቤቱ ሰምቶ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ዘመኑ ደግሞ ሹም የማይነካበት ክፉ ዘመን ነበር። ትርሲት ሚስቱን ደብድቦ ዓይኗን ያጠፋ ሹም ከሰሰች። ተዪው ተባለች፤ አልተወችም። ጭራሽ ጋዜጣ ላይ ጻፈችበት።

አንድ ጠዋት የዚህችኛዋ በር ተንኳኳ። ልጅ ያዘለች ሴት ናት። ገባ ብላ አየቻትና «ውይ፣ ይቅርታ እመቤቴ፣ ትርሲትን ፈልጌ ነው» ብላ በሩን መልሳ ዘጋችው። በቃ፤ የሆነው ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ከደኅንነት መጡ። «ጎረቤትዎ እነዚህን ሴቶች የምትሰበስባቸው ለምንድን ነው?» አሏት።

ለክስ መሆኑን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ግን የጠዋቱ «ይቅርታ» ገና ከጆሮዋ አልወጣም። «ለክስ ብቻ አይመስለኝም» አለች።

ወገኖቼ፣ ይህ ስድብ ነው? አይደለም። ዋሽተሻል ብትሏት «አይመስለኝም ነው ያልኩት» ትላችኋለች። ጠበቃ አይደለች? ሰዎቹ አመስግነዋት ሄዱ። በማግሥቱ ትርሲትን ሕዝብ አሳድመሻል ብለው አሰሯት። የሹሙም ክስ ተዘጋ።

ይህችኛዋ ሰው እንዳይጠረጥራት ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ እስር ቤት ሄደች። ደጁ ላይ ምን አየች? እነዚያን የአግዳሚ ወንበሩን ሴቶች። ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዷ ለትርሲት ምግብ ይዛለች። ምን ተሰማት? ጸጸት ትሉ ይሆናል። አይደለም። ቅናት ነው። እኔ ብታሰር ማን ይሰለፍልኛል አለች። አያችሁ? ራሷ ባሳሰረቻት ሴት ቀናች።

ተራዋ ደረሰ። ደንቡን ታውቃላችሁ፤ መርዝ እንዳይኖርበት ምግቡን ያመጣው ሰው ራሱ ይቀምሳል። ጠባቂው «ክፈቺው፤ ቅመሺ» አላት። ጎረሰች። ጉርሻው አልወርድ አላት።

ከኋላዋ የቆመች ሴት ጀርባዋን ቸብ ቸብ አደረገቻት። ያቺው ልጅ ያዘለችው ናት። «አይዞሽ እህቴ፣ ወዳጇ ነሽ መሰለኝ። እኛም ለሷ ስንል እህል አልወርድልን ብሏል» ብላ ውሃ ሰጠቻት።

ያን ጊዜ አለቀሰች። ወደ ሁለቱ የደኅንነት ሰዎች ሮጣ ሄዳ «ቃሌን አንሥቻለሁ» አለቻቸው። ሳቁባት። ትርሲትም አልተፈታችም።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ለአንድ ምሳ ዕቃ ሽሮ በር ላይ ጠባቂ ቆሞ ያስቀምሳል። ያቺን ቃል ስትሰጥ ግን ማን ቅመሺ አላት? ማንም። ቃሏ ሰተት ብላ ገባች፤ መርዙ ያለው ደግሞ በቃሏ ውስጥ ነበር።

እናንተስ? ጨካኝ ገዥ ብቻውን ማንን ያስራል? በር ለበር ያለነውን ይዞ አይደለም እንዴ? የመሥሪያ ቤት ባልደረባችሁ ስትመሰገን ፊታችሁ የሚጠቁረው፣ እህታችሁ ስትወደድ «እሷ ደግሞ» የምትሉት፣ እናንተን ነው የምለው። ወደ ሌላ ሰው አትዙሩ።

ነገ ስለ አንዲት ሴት ትጠየቃላችሁ፤ በቢሮም ይሁን በሠፈር። ከመመለሳችሁ በፊት ያንን ቃል ራሳችሁ ቅመሱት። ስለ እናንተ ቢባል ይወርድላችኋል? ካልወረደላችሁ ለእሷም አታቅርቡት።