ከቤቱ ፊት የሚሄደው ሰውዬ

ምስጥ የበላው ቤት ያለው አንድ ባለጸጋ ነበረ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፣ ልጄ፤ መልሱ ከዚህ ሰው ጋር ስለሚመጣ ታገሺኝ።

አገሩ ቀርከሃ የሚበቅልበት ደጋ ነው። እዚያ ቤት የሚሠራው እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጠልፎ ነው፤ ቁመቱ ከዛፍ ይስተካከላል። ምስጥ ከሥሩ ሲጀምረው ቤቱ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ይሰምጣል፤ በሩም አብሮ ያጥራል። የባለጸጋውን ቤት የጠለፈው አባቱ ነበር። አባትየው ቀና ብሎ ይገባበት የነበረው በር ወርዶ ወርዶ፣ ልጁን ጎንበስ ካላለ የማያስገባ ሆነ። እንዲህ ያለ ረጅም ቤት መጥለፍ የሚችል ሰው ደግሞ በአገሩ አልቀረም።

በዚያ አገር ምስጥ የበላው ቤት አይፈርስም። የተበላው ግርጌ ይቆረጥና ቤቱ እንዳለ ተነሥቶ ወደ ደረቅ መሬት ይወሰዳል። የሚያነሣው ሰው ነው። አግዳሚ እንጨቶች ከውስጥም ከውጭም ይታሰሩለታል፤ ግማሹ ጎረቤት ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ ከውጭ ይይዛል። ባለጸጋውም በሬ አረደና ጎረቤቱን ጠራ። ክረምቱ ደርሶ ነበር። ቤቱ ከዝናቡ በፊት ከዳገቱ በላይ ካለው ሜዳ ካልደረሰ፣ ግርጌው ተቆርጧልና ንፋሱ ከመንገድ ላይ ገልብጦ ይሰባብረዋል።

ይህ ሰው ከምንም ተነሥቶ የከበረ ነው። የከበረውም በመቁጠር ነው፤ እህል ሲሰፈር ዓይኑን ከቁናው የማይነቅል፣ በግ ሲገባ በር ላይ የሚቆም ሰው ነበር። ስለዚህ ቤቱ ሲነሣ ከጎን ከጎን እየሄደ ትከሻ ይቆጥር ጀመር። ሁሉም በላብ ተጠምቋል። አንድ ሰው ብቻ ደረቅ ነው። ይህ ሰው በትር ይዞ ከቤቱ ፊት ፊት ይሄዳል፤ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ ቤቱ እያየ ይዘፍናል፤ ተሸካሚዎቹ ይቀበሉታል።

ዳገቱ መሐል ሊያርፉ ቤቱን ሲያወርዱት ባለጸጋውን አላስችል አለው።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ምን ነካው?»

«እጄ ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሠርግ የተጠራህ መሰለህ? በሬዬን ያረድኩት ለዘፋኝ አይደለም። ወይ ተሸከም፣ ወይ ወደ ቤትህ ግባ!»

«ጉሮሮውም እኮ ይደክማል፣ ጋሼ!» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

«የእሱ ጉሮሮ የሚሠራው ሥጋ ሲቀርብ ነው» አለ ባለጸጋው። ሁሉም ሳቁ።

ሰውዬውም አብሮ ሳቀ። «እርምጃውን ማን ይጥራ ታዲያ?» አለ።

«ጩኸት አይደል እንዴ? ሁሉም አፍ አለው።»

ሰውዬው አልተከራከረም። በትሩን ሣር ላይ አጋደመና ከውጭዎቹ መካከል ገብቶ አግዳሚውን ያዘ። ባለጸጋው አንድ ትከሻ አተረፍኩ ብሎ ደስ አለው።

ቤቱ ተነሣ። ግን የግራዎቹ በራሳቸው ትንፋሽ ነው የሚሄዱት፣ የቀኞቹም በራሳቸው። ቤቱ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ አለ፤ ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ አዘነበለ። አንድ ቀርከሃ ጧ ብሎ ሲሰበር፣ ከውስጥም ሰው ሲጮኽ ተሰማ። እንደምንም አወረዱት። የጮኸው ሰው እግሩን ተረግጦ እያነከሰ ወጣ። ሰማዩ በአንድ በኩል ጠቁሯል።

«ከውስጥ ሰው ጎደለ» አሉ።

የቀረ ሰው የለም፤ የሚችል ሁሉ ይዟል። ባለጸጋው ጋቢውን ጣለና ጎንበስ ብሎ በዚያች ባጠረች በር ገባ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ከተቆረጠው ግርጌ ሥር ቀጭን ብርሃን ይገባል፤ በብርሃኑ የሚታየው እግር ብቻ ነው። ፊት የለም፣ መንገድ የለም። ከላይ አባቱ የጠለፈው ጣራ ጫፉ እስከማይታይ ድረስ ወደ ጨለማው ይወጣል። አግዳሚውን ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ ከፊቱ ድንጋይ ይኑር ገደል ይኑር አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጥር የኖረው ሰው፣ እዚያ ውስጥ የሚቆጥረው ነገር አጣ።

«ሰውዬው የት አለ?» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «በትሩን ስጡት! ይጥራ እንጂ!»

ከዚያ ያ ድምፅ ከፊት መጣ።

«እናንተ የውስጦቹ፣ ትሰማላችሁ?»

«እንሰማለን!»

«በግራ ድንጋይ አለ፤ ግራዎች፣ እግር አንሡ። ቀኞች፣ አትጋፉ፤ የያዛችሁት ቤት ሽማግሌ ነው። በሉ እንግዲህ!»

ዘፈኑን አወጣው፤ ሁሉም ተቀበሉት። ባለጸጋውም ሳያውቀው ተቀበለ። ያን ጊዜ ቤቱ ከመሬት ለቀቀ። እሱ የተወለደበት፣ እናቱ የሞተችበት ያ ግዙፍ ነገር እንደ ባዶ ቅርጫት ቀለለና በሰው እግር ይራመድ ጀመር። ቃሉ ሲመጣ እግሩ ይነሣል፤ ቃሉ ሲያርፍ እግሩ ያርፋል። ከጎኑ የሚተነፍሰው ማን እንደሆነ አያይም፤ የሁሉም ትንፋሽ ግን አንድ ሆኗል። ይህን ያህል ዘመን በዚህ ቤት ሲኖር፣ ቤቱ ሕይወት ያለው መስሎ የተሰማው ያን ቀን ነው። ጉንጩ ረጠበ፤ ላብ ነው ብሎ ተወው።

ቤቱ ሜዳው ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ባለጸጋው ጎንበስ ብሎ ወጣና ወደ ሥጋው ሄደ። ካራ አንሥቶ ከሻኛው ቆረጠ፤ ለማንም ሳይሰጥ ወደ ሰውዬው ይዞት መጣ።

«እጅህ ደህና ነው አይደል? እንካ።»

«ጉሮሮዬም ደህና ነው፣ ጋሼ» አለና ተቀበለው።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ ስፌት ቤትሽ እንመለስ። «ሥራ ቀዝቅዞብኛል፣ አንድ ሰው መቀነስ አለብኝ፤ ከሁሉ ጥቂት የምትሰፋው ያቺ ከማሽን ማሽን የምትዞረዋ ስለሆነች ላሰናብታት ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ መቁጠርን አልነቅፍም፤ እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው። አንቺ ግን እስካሁን የቆጠርሽው ከጎን ከጎን እየሄድሽ ነው። ደመወዟን ሳትነኪ ጥቂት ቀን ዕረፍት ስጫት። አንቺ ከማሽኗ ተቀመጪና ከሌሎቹ ጋር ስፊ። መርፌ ሲሰበር፣ ልኬት ሲሳሳት፣ ሁለት ሠራተኞች ሲኳረፉ፣ ደንበኛ በር ላይ ሲቆጣ ማንን እንደሚጠሩ ስሚ። ማንንም ካልጠሩ፣ ፊት ለፊት ነግረሽ፣ የሚገባትን ሰጥተሽ በክብር አሰናብቻት፤ አልወቅስሽም። አንቺ ራስሽ ስሟን ስትጠሪ ከተገኘሽ ግን፣ እኔን መልሰሽ አትጠይቂኝ።

የሥራ ቤትሽ በር ላንቺ ለባለቤቲቱ አጥሯል፣ ልጄ። ጎንበስ ብለሽ ግቢ።