ጥሩምባ የተነፋለት ማሽን

አንድ ወጣት ነጋዴ ነበረ። ስሙ ምንተስኖት ነው። የሚሸጠው ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ሁለት ሰው የሚያጫውት የጌም ማሽን ነበር። ሱቁን የከፈተው ልጁ ሩሐማ በተወለደችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚሸጠውን ማሽን ቀይሮ አያውቅም።

ሩሐማ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ደረጃ መውጣት ያደክማታል። እኩዮቿ ግቢው ውስጥ ሲሯሯጡ እሷ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ ጆይስቲክ ትይዛለች። የምትወደው የሩጫ ጨዋታውን ነው። ሯጩ ሲሮጥ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሲቆም ትተነፍሳለች። ሐኪሞቹ ለአባቷና ለእናቷ የሚነገረውን ሁሉ ነግረው ጨርሰዋል።

በከተማይቱ ታሪክ ከሁሉ በላይ የተሸጠ አንድ ሌላ ማሽን ነበር። እሱ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል፤ ክብረ ወሰኑን ግን ማንም አልሰበረም። የምንተስኖት ማሽን ሁለተኛ ነው። ለመድረስ የቀረው ብዙ አልነበረም። ነገር ግን ማሽኑ አርጅቷል። ቀጭንና ፈጣን የሆነ አዲስ ማሽን ገብቷል፤ ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው።

«አሮጌ ፈረስ ጭነህ ጉግስ ልትገባ ነው?» አለው የጎረቤቱ ባለሱቅ።

«ፈረሱ አላረጀም። ዓይናችሁ ነው የሰለቸው።»

«ኪሳችንም አብሮ ሰልችቷል። ምን ታደርገዋለህ?»

ሩሐማ ይህን ሰማች። ባለሱቁ ሲሄድ አባቷን ጠየቀችው።

«አባዬ፣ የኛ ማሽን አንደኛ ሊወጣ ይችላል?»

«ይችላል።»

«አርጅቷል እያሉ?»

«አርጅቶም ይችላል።»

«እኔ እያለሁ?»

ምንተስኖት የያዘውን ካርቶን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። አስተካከለው። እንደገና አስተካከለው።

«አንቺ እያለሽ» አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም። ዋጋ ቀነሰ። በሱቁ በር ላይ ቀይ ጨርቅ ሰቀለ። አላፊ አግዳሚው ጨርቁን አይቶ ያልፋል። በዚያች ከተማ ማስታወቂያ የሌለበት ግድግዳ የለም፤ ስለዚህ ማንም ግድግዳ አያይም። ምንተስኖት ሰውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከቤቱ የሚያስወጣ ነገር ምን እንዳለ አሰበ። አንድ ነገር ብቻ አገኘ። የዕድሩ ጥሩምባ።

በሰፈሩ ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚነፉት ጋሽ ድንበሩ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ማለዳ ተነሥተው በየመንገዱ እየነፉ የሞተውን ሰው ስም ይጠራሉ። ምንተስኖት ቤታቸው ሄዶ ያሰበውን ነገራቸው።

«ይሄ የሞት ጥሩምባ ነው» አሉ ጋሽ ድንበሩ። «የገበያ አይደለም።»

«ሲነፋ ሰው ይወጣል አይደል?»

«ይወጣል እንጂ። እጁ ላይ ሊጥ እንዳለ ይወጣል።»

«እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

«ልጄ፣ ሰው የሚወጣው ለጥሩምባው መሰለህ? ለሞተው ነው።»

ምንተስኖት ስለ ሩሐማ ነገራቸው። የጠየቀችውንም፣ የመለሰላትንም። ሽማግሌው ልጅቷን ያውቋታል። «እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም፤ ለዕድሩ ዳኛ ንገር» አሉት።

የዕድሩ ዳኛና ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ምንተስኖት ለዕድሩ አዲስ ድንኳን ከነአግዳሚ ወንበሩ እንደሚገዛ ተናገረ። አሮጌው ድንኳን ተቀዶ ነበር። ባለፈው ክረምት ለቀስተኛ ውስጡ ተቀምጦ ሲበሰብስ ሁሉም አይተዋል።

«ለሐዘንተኛ መጠለያ ካመጣ፣ ቢነፋ ምን ነውር አለው?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

ነውሩን የሚናገር አልተገኘም። ጋሽ ድንበሩ መናገር ይችሉ ነበር፤ ግን የታመመች ልጅ አባት ፊታቸው ቆሟል።

ጥሩምባው የተነፋው ሰው ሁሉ ቤቱ ባለበት ሰዓት፣ ማለዳ ነው። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ወንዶች ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡ። አንዷ ገና ሳትጠይቅ ማልቀስ ጀምራለች።

«ማን ነው? ማን ነው?»

ጋሽ ድንበሩ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። የምንተስኖት ማሽን ክብረ ወሰን ሊሰብር ነው። በቅናሽ ይሸጣል። የሞተ የለም።»

አንዳንዱ ተራገመ። አንዳንዱ ደረቱን ይዞ ሳቀ። «ያስደነገጣችሁኝን ማን ይክሰኛል?» አለች አንዲት ሴት፤ እሷም ግን ስቃለች። ሞት አልፎት የሄደ ሰው እጁ ይፈታል። በዚያ ቀን ሱቁ ሞልቶ ዋለ።

የሩሐማ እናት ጥሩምባውን ስትሰማ መጀመሪያ ያደረገችው የልጇን ደረት በእጇ መዳሰስ ነበር። ባሏ ሲመጣ በር ላይ ጠበቀችው።

«ሁለተኛ እንዳታስነፋው።»

«ለሷ ብዬ ነው።»

«ለሷ ከሆነ ቁጭ ብለህ አጫውታት።»

«ትንሽ ነው የቀረው» አላት።

ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። ደግሞም ተነፋ። በየጊዜው የሚወጣው ሰው እየቀነሰ፣ ቀልዱ እየበዛ ሄደ። «ማሽኑን ዛሬ አረፈ በሉና ገላግሉን» ይባል ጀመር። ጥሩምባ ሲሰማ አልጋው ላይ ሆኖ «የማሽኑ ነው» የሚል በዛ። ያም ሆኖ ወሬው ገዢ ያመጣል፤ ማሽኑ ይሸጣል።

በዚህ መሀል እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ባልቴት ሞቱ። ጥሩምባ ተነፋላቸው። ቀብራቸው ላይ የተገኘው ሰው ጥቂት ነበር። ሰው ዘግይቶ እየመጣ ልጆቻቸውን «የማሽኑ መስሎን ነው» አላቸው። የዕድሩ ዳኛ ምንተስኖትን አስጠሩት።

«ይብቃ» አሉት።

«ጥቂት ነው የቀረኝ፣ ጋሼ። ለልጄ ቃል ገብቼላታለሁ።»

«የእትዬ ጥሩነሽ ልጆችስ?»

ዳኛው ፊቱን አዩት። ከስቷል። ጢሙን መላጨት ትቷል። አንጀታቸው አልቻለም።

«እንግዲያው ቶሎ ጨርስ» አሉት።

ጨረሰ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የከተማይቱን ሽያጭ የሚመዘግቡት የነጋዴዎች ማኅበር ሰዎች ወደ ሱቁ መጥተው እጁን ጨበጡት። ማሽኑ በከተማይቱ ታሪክ ከሁሉ በላይ የተሸጠ ሆኗል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጥሩምባው በየመንገዱ ተነፋ። ምንተስኖት እስኪያበቃ አልጠበቀም። ወደ ቤቱ ሮጠ።

ሩሐማ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር።

«አንደኛ ወጣ» አላት።

ፈገግ አለች። ከዚያ አሰበች።

«ያኛውስ? የተሸነፈው? አዝኖ ይሆን?»

«ማሽን እኮ ነው። ምንም አይሰማውም።»

«የኛስ?»

ጆይስቲኮቹን አመጣና አብሯት ተቀመጠ። እሷ ግን ደክሟት ነበር። የሷ ሯጭ ከመነሻው መስመር ሳይንቀሳቀስ ቀረ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሩሐማ ሞተች።

ጋሽ ድንበሩ ጥሩምባቸውን ይዘው ወጡ። በየመንገዱ ዞሩ። እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ቆመው ነፉ። የምንተስኖትን ስም ጠሩ፤ የልጁን ስም ጠሩ። ቤት ውስጥ ያሉት ጥሩምባውን ሰሙ። የምንተስኖትን ስም የሰሙትም ከዚያ በኋላ ያለውን አላዳመጡም።

«የማሽኑ ነው» አለች አንዲት ሴት ለባሏ።

«ትናንት አልበቃውም?» አለና ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

ሽማግሌው ተመልሰው ሲመጡ ከንፈራቸው አብጦ ነበር። «ነፋሁ፣ ልጄ» አሉት ምንተስኖትን። «ነፋሁ።»

አዲሱ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረዋል። የተቀመጡት የግቢው ሰዎችና ጥቂት ዘመዶች ብቻ ናቸው። ዳኛው «ትንሽ እንጠብቅ» አሉ። ጠበቁ። ካህኑም ጠበቁ። ፀሐዩ ጠነከረ። የመጣ ሰው የለም። ሣጥኑ ትንሽ ስለሆነ ለመሸከም ብዙ ሰው አላስፈለገም።

መንገድ ላይ አንድ ሰው ከደጁ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ከርቀት ያየው ምንተስኖትን ብቻ ነው።

«ምንተስኖት፣ እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ ጮክ ብሎ ተናገረ። «አንደኛ ወጣህ አሉ።»

ከዚያ ሣጥኑን አየ። የተናገረውን መልሶ መዋጥ አልቻለም። ምንተስኖትም አልተቆጣውም። ራሱን ዝቅ አድርጎ አለፈ፤ ሰላምታ የተቀበለ ይመስል ነበር።

ቀኑ ሲገፋ ወሬው ተሰማ። ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ድንኳኑ ሞላ፤ የቆሙም ነበሩ። ግን ልጅቷ ተቀብራለች። እያንዳንዱ ሰው ምንተስኖት አጠገብ ተቀምጦ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል፦ «ይቅር በለን፤ የማሽኑ መስሎን ነው።» ሴቶቹ አሉት። ሽማግሌዎቹ አሉት። የጎረቤቱ ባለሱቅም እያለቀሰ አለው። የእትዬ ጥሩነሽ ልጆች ግን መጥተው እጁን ያዙና ምንም አላሉም።

«አውቃለሁ» ይላል ለሁሉም። «አውቃለሁ።»

ሚስቱ «አጫውታት ብዬህ ነበር» አላለችውም። ብትለው ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ድንበሩ ጥሩምባ አልነፉም። ሌላ ሰው እንዲነፋ ተሞክሮ ነበር፤ ሰው አልወጣም። ድምፁን ማመን ከቀረ በኋላ በውሳኔ አይመለስም። አሁን በዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት ቤት ለቤት እየሄዱ በር ያንኳኳሉ። የሩቁ ሲነገረው የቅርቡ ቀብሮ ተመልሷል።

ምንተስኖት ሱቁን ዘጋ። ቀጭኑ አዲስ ማሽን ጥቂት ቆይቶ ክብረ ወሰኑን ሰበረ። የማኅበሩ ሰዎች ሄደው የሌላውን ነጋዴ እጅ ጨበጡ። በከተማው ማን አንደኛ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም።

አሮጌ ማሽን ክብረ ወሰን ሊሰብር ይችላል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ይችላል ነው። ሰው በአንድ ነገር ላይ ከጨከነ የፈለገውን አንደኛ ያደርጋል። ቁጥር ማንም ቢገፋው ይወጣል።

የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው። ሰው የያዘውን ጥሎ የሚወጣለት ድምፅ ጥቂት ነው። ያን ድምፅ የሠራው ነፊው ብቻ አይደለም፤ በተነፋ ቁጥር ሲወጡ የኖሩት ሰዎች ሁሉ ናቸው። ስለዚህ የማንም የግል ዕቃ አይደለም። ለሌላ ጉዳይ ካዋልነው ያልቃል። ምክንያታችን ፍቅር ቢሆንም ያልቃል። ማለቁን የምናውቀውም በራሳችን ቀን ነው፤ ያኔ ደግሞ ማንም ሊያውሰን አይችልም። ምንተስኖት ክፉ ሰው አልነበረም። ዳኛውም፣ ሽማግሌዎቹም፣ ብርድ ልብሱን የሳበውም ሰው ክፉ አልነበሩም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ አዘኑለት፤ በመጨረሻ ያቺ ልጅ ያለ ሰው ተቀበረች።

እናንተስ፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ብድግ ብላችሁ የወጣችሁት መጨረሻ ለማን ነበር?