እርጥቡ ደንገል የተንሳፈፈበት ተአምር

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ አንቺም ነጠላሽን ሰብስቢና ተጠጊ። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ዝናሙ ወጥቶ፣ ሐይቁ ግን ገና ሙሉ የሆነበት። ወላዲተ አምላክ ለአንድ ወዳጇ ያደረገችው ተአምር በእንዲህ ያለ ወቅት ነበር፤ እናቴ እንደ ነገረችኝ እነግራችኋለሁ።

ሰውየው ጫኔ ይባላል፤ በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራ፣ ዓሣም እያጠመደ የሚኖር። እመቤታችንን አብዝቶ ይወድ ነበርና በየማለዳው እግሩ ውሃ ሳይነካ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ዞሮ «ሰላም ለኪ» ይል ነበር፤ በየወሩም በሃያ አንድ ዝክሯን ያወጣ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጎረቤቱ ሞላልኝ ታንኳ ሥራልኝ ብሎ ለመነው፤ የቀድሞዋ በስብሳበት ነበርና፣ ሚስቱ ጥሩወርቅም መውለጃዋ ደርሶ ነበርና። ደንገል ደግሞ ታጭዶ በፀሐይ ካልደረቀ ውሃ ይጠጣል፤ በጥቅምት ደረቅ ከየት ይገኛል? ጫኔ የነበረው ለቀኙ ጎን በቃና ለግራው አነሰ። ሁለት ሳምንት ታገሥ ማለት ሲገባው፣ እጀ ፈጣን መባልን ይወድ ነበርና፣ እርጥቡን በግራው ጎን ውስጥ ከትቶ ደረቁን ከላይ አለበሰና በልጥ ጠፍንጎ አሰረው። ሞላልኝም ግራውን ከፍ አድርጎ ከበደኝ ቢለው፣ «ማርያምን፣ አጥንት የመሰለ ደረቅ ነው» አለው። ጥሩወርቅም ያን ከባድ ሆዷን ይዛ ጎንበስ ብላ እጁን ሳመችው።

አይ ልጆቼ፣ ያ የተሳመ እጅ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጫኔ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ይዞራል፣ «ሰላም» ይልና አፉ ይያዛል፤ በስሟ በዋሸሁበት አፍ እንዴት ብዬ እያለ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጥሎ ያልፋል። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ሲል ሦስት ቀን አለፈ።

በአራተኛው ቀን ሞላልኝ በአዲሷ ታንኳ ወደ ሐይቁ ወጣ። ውሃው እርሱ በደረሰበት ከደረት አያልፍም፤ ታቹ ግን ረግረግ ነው፣ የገባ እግር አይመልስም። ሌሎቹ ታንኳዎች ሁሉ ገበያ ሄደው ነበርና፣ ግራው ጎን ውሃ ጠጥቶ ሲያዘነብል በዳር የቆመው ሰው ከመጮኽ በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም። አንዱ መረቡን ጣል፣ ሌላው አትንቀሳቀስ ይላል። ጫኔ በልቡ «እመቤቴ፣ እኔ ሳልናገር አንቺ አድኚው» ብሎ ለመነ፤ ታንኳዋም ይበልጥ አዘነበለች።

ዳር ላይ አጠገቡ የቆመችው ጥሩወርቅ ወደ እርሱ ዘወር አለችና፣ «ጋሼ ጫኔ፣ የሠራሃት አንተ ነህ፤ ምን ያድርግ?» አለችው። በዓይኗ ቁጣ አልነበረም፣ መታመን እንጂ፤ እርሱንም የሰበረው ይህ ነው። ጋቢውን ከፊቱ ገፈፈና በሰው ሁሉ ፊት ጮኸ፤

«ሞላልኝ፣ ዋሽቼሃለሁ። ግራው ውስጡ እርጥብ ነው፤ ልጡን ቆርጠህ ቀኙን እቀፍ።»

ሞላልኝም ቢላዋውን ሲመዝ ከእጁ አመለጠና ውሃ ገባ። ከዚያም ጫኔ ጭቃው ላይ በጉልበቱ ወደቀ፣ የተያዘ አፉም ተፈታና «ሰላም ለኪ» አለ። ያን ጊዜ ግራው ጎን፣ አንድ ሰው ከታች በትከሻው እንዳነሣው ሁሉ፣ ቀስ ብሎ ከፍ አለና ታንኳዋ እንደ ገበታ ተስተካክላ ቆመች። ሞላልኝም በቀርከሃ ዘንጉ እየገፋ ዳር ደረሰ።

ጎትተው ሊያወጧት ሲሉ ግን ግራውን ጎን አራት ጎልማሶች ማንሣት አቃታቸው፤ ልጡን ቢፈቱት አረንጓዴው ደንገል ውሃውን እንደ ምንጭ አፈሰሰ። ይህ እንዴት ተንሳፈፈ እያሉ አማተቡና እመቤታችንን አመሰገኑ። ሞላልኝ ሱሪውን እየጨመቀ፣ «ደረቅህ ይህ ከሆነ ጫኔ፣ እርጥብህን እንዳታሳየኝ» አለው። ሰውም ሳቀ፤ ያ ሳቅ ጫኔን ከዱላ ይልቅ አመመውና አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለንስሐ አባቱ ተናዘዘ፤ በኅዳርም በደረቅ ደንገል ሌላ ታንኳ ሠርቶ ለሞላልኝ ሰጠ። ጥሩወርቅ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጫኔን ግን እስከ ዓመቱ ከሩቅ ብቻ ሰላም አለችው። ሞላልኝ አርጅቶ በአልጋው ላይ ዐረፈ። ጫኔም ታንኳ ሲሠራ ኖረ፣ ገዢው በእጁ ሳይዳስስ አላሰረም፣ ዳግመኛም በእመቤታችን ስም አልማለም፤ የተቀበረውም በደጇ ነው።

ግራችን የከበደብንን እኛንም ትከሻዋ አይለየን፤ የሰማችሁትንም አሜን ያላችሁትንም ከእፍረት ወደ ምሕረት ታድርሳችሁ፣ አሜን።