የእንግዳ መጋረጃ

አንድ ሰው ነበር። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ደክሞት የሚወጣ ሰው። ድካሙ የጉልበት አይደለም። ተኝታችሁም የማይለቅ ድካም የምታውቁ አላችሁ? የእሱ ድካም እንደዚያ ነበር።

የሚሠራው ሐይቅ ዳር ባለ አንድ የአበባ እርሻ ነው። ጽጌረዳውን የሚገዙት ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው። እነሱም «አበባውን ስታመርቱ ሠራተኛውን እንዳልጎዳችሁ፣ ሐይቁንም እንዳልመረዛችሁ አሳዩን» ይላሉ። ለዚህ መመዘኛ አላቸው፤ በየዓመቱም ኦዲተር ይልካሉ። መመዘኛው ከተሟላ ሰርተፊኬት አለ፤ ካልተሟላ ገበያው ይዘጋል። መመዘኛው መጠበቁን የሚከታተለው ይህ ሰው ነበር። በድሉ ይባላል። ሠራተኞቹ ጋሽ በድሉ ይሉታል።

ከመመዘኛው ውስጥ እንዲህ የሚል አለ፦ ግሪን ሃውሱ፣ አበባው የሚበቅልበት የላስቲክ ቤት፣ የተባይ መድኃኒት በተረጨ ጊዜ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀል፤ ጨርቁ እስኪወርድ ማንም አይግባ። ጥሩ ደንብ አይደለም? እኔ ጥሩ ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ ደንብ ዝም ብሎ አይጻፍም። አንድ ቦታ አንድ ሰው ከወደቀ በኋላ ነው የሚጻፈው።

እርሻው ግን የራሱ ልማድ ነበረው። የርጭት ቀን ሱፐርቫይዘሩ አበባ የሚቆርጡትን ሴቶች ጠዋት ይሰበስባል፤ የትኛው ቤት እንደተረጨ በአፉ ይነግራቸዋል፤ በቃ። ጨርቁ መጋዘን ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል። የሚወጣው ኦዲተሮች ሲመጡ ነው። ያን ቀን ደግሞ ርጭት የለም፤ ሽታው እንግዶቹን ያስቸግራል። ስለዚህ ጋሽ በድሉ ጨርቁን ያልተረጨ ቤት በር ላይ ይሰቅለዋል። እንግዶቹ ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያልፋሉ። ሴቶቹም ጨርቁን ገለጥ አድርገው ይገቡና አበባቸውን መቁረጥ ይቀጥላሉ።

ስም እንኳ አውጥተውለታል፦ «የእንግዳ መጋረጃ»። «ጋሽ በድሉ መጋረጃ ሰቅለዋል፤ ሻሽሽን አስተካክይ» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። መጀመሪያ ሲሰቅለው እጁ ከብዶት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቀለለው። ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ።

ወገኖቼ፣ የሚዋሽ አፍ ብቻ ይመስላችኋል? እጅም ይዋሻል። ዝም ብሎ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣው ይዋሻል።

አንድ ሰሞን ጋሽ በድሉ መረረው። ሁሉን አስተካክላለሁ ብሎ አልተነሣም፤ ለዚያ የሚሆን ጉልበት አልቀረውም። ይህቺን አንዷን ግን እውነት ላድርጋት አለ። ለሱፐርቫይዘሩ፣ ከነገ ጀምሮ እንደ ደንቡ በጨርቅ ነው የምንሠራው፣ አንተ እየዞርክ መናገር የለብህም አለው። በማግስቱ አንደኛው ቤት በእርግጥ ተረጨ። ጋሽ በድሉ ጨርቁን አውጥቶ በገዛ እጁ ሰቀለው። ጨርቁ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ። ሰውየውም ከብዙ ጊዜ በኋላ ልቡ ቀለል ብሎት ወደ ቢሮው ሄደ።

እውነቱን ማን ሰማው?

ዘነበች የምትባል ሴት ነበረች። እርጉዝ ናት። ከብዙ ዓመት ልመናና ጥበቃ በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ፅንሷ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ጨርቁን አየች። ዛሬም እንግዳ አለ ማለት ነው፣ ሳይመጡ ቶሎ ልጨርስ አለች በልቧ። ገለጠችው፣ ገባች። ደግ ሰው ናትና እንግዶቹ ፊት ጋሽ በድሉ እንዳያፍር ብላ ጨርቁን መልሳ አጥብቃ አሰረችው። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ የታሰረውን ጨርቅ እያየ አለፈ። እሷ ውስጥ መሆኗን ማን ይጠርጥር? ጓደኞቿ ለምሳ ሲፈልጓት ነው በአበባው መሀል ወድቃ ያገኟት።

ጋሽ በድሉ ክሊኒክ ሲደርስ ዓይኖቿ በፋሻ ተሸፍነዋል። ድምፁን ስትሰማ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ጋሽ በድሉ፣ እንግዶቹ አለፉ?»

«እንግዳ የለም፣ ዘነበች።»

«ታዲያ ለማን ሰቀሉት?»

«ለእናንተ።»

«ምነው ታዲያ ቢነግሩን» አለች። በቁጣ አይደለም፤ ሰው መንገድ የጠፋበትን ዘመዱን «ምነው ብትጠይቅ» እንደሚለው ነው።

ነርሷ ስለ ፅንሱ ምንም ማለት አልቻለችም። መጠበቅ ነው አለች።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ደክሞታል። ጨርቁ ተሰቅሎ ነበር፣ ደንቡ ተጠብቋል፣ እሷ ግን አልፋ ገባች አለ። ስለዚህ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ትሰናበት። በመመዘኛው መሠረት እኛ ነፃ ነን አለ።

አያችሁ? ሰው እንዲጠብቅ የተሠራው ደንብ ሰው መጣያ ሆነ።

ጋሽ በድሉ ዝም ብሎ መውጣት ይችል ነበር። አልወጣም።

«ዘነበች ደንብ አልጣሰችም» አለ። «ጨርቁ ሲሰቀል መግባት ይቻላል ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው።»

«ይህን ለኦዲተሮቹም ይነግሯቸዋል?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ከጠየቁኝ።» ሊወጣ ሲነሣ፣ «ባይጠይቁኝም» አለ።

ነገራቸው። ዘነበች አልተሰናበተችም። ሰርተፊኬቱ ግን ታገደ፤ የሥራው ሰዓትም ደመወዙም ስላነሰ ከሠራተኞቹ መሀል ሰላምታ የነሱት ነበሩ። እውነት ስትናገሩ ወዲያው ይጨበጨብላችኋል ያላችሁ ማን ነው?

ዘነበች ወሯ ገብቶ ሴት ልጅ ወለደች፤ ደህና ልጅ። እስከዚያ ድረስ ጋሽ በድሉ እንቅልፍ አልነበረውም። ልጅቷ የተረፈችው በጨርቁ አይደለም። በምሕረት ነው።

ከዚያ በኋላ ርጭት በተደረገ ቁጥር ጋሽ በድሉ ጨርቁን ይሰቅልና ራሱ አጠገቡ ይቆማል። ፀሐይም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን። ጨርቁን ማን ያምነዋል? ለምታልፈው ሁሉ፣ እንግዳ የለም፣ ተረጭቷል፣ አትግቢ ይላታል። አንዷ፣ «አሁንስ ራስዎ ባንዲራ ሆኑ» ብላ አሾፈችበት። ብዙ ሥራ ያለው ሰው በር ላይ ቆሞ ዋለ። እግሩ አበጠ። አንዳንዷ እሱ ቆሞ እያየችው እንኳ፣ «የምርዎን ነው?» ትላለች። የምሬን ነው ይላል። ደግሞ በሚቀጥለው ርጭት እንደገና የምሬን ነው ይላል።

እናንተስ ወገኖቼ? ሰው ሲያያችሁ ብቻ የምታወጡት ነገር የለም? ነጋዴዎች፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ የምትለብሱት ሐቀኝነት የለም? አሠሪዎች፣ ሠራተኛችሁን በስሙ የምትጠሩት እንግዳ ፊት ብቻ አይደለም? ሲያዩን ጥሩ ነን ትላላችሁ። የሚያዩአችሁ ግን እንግዶቹ ብቻ አይደሉም። አብረዋችሁ የሚውሉት ያያሉ፤ የትኛው ቃላችሁ ለእነሱ እንዳልሆነ ይማራሉ። አይቆጧችሁም። ይለምዱታል እንጂ።

ባሎች፣ ሽማግሌ ሲመጣ ብቻ ይቅርታ የምትሉ፣ ስሙኝ። አንድ ቀን ከልባችሁ ይቅርታ ትላላችሁ። ሚስታችሁ ግን ሽማግሌዎቹ የት አሉ ብላ ወደ ደጅ ታያለች። ያን ቀን አትቆጧት። አጠገቧ ተቀመጡ። ነገም ማንም በሌለበት ድገሙላት። ባታምናችሁም ከነገ ወዲያ ድገሙላት።